ፔሊካኑ እግሩን ሲጥል፦ ጣና በተፋው እንጨት ለምትሠሩ

ሐይቁ ከተፋው እንጨት የሠራኋቸው እንስሳት ተበላሽተው ሲመለሱልኝ አብዛኞቹ በሽታቸው አንድ ነው።

እግሩ ይነቃነቃል ወይም ይወልቃል

ሰው ሁሉ የሚያማርረው ኮላውን ነው። ኮላው ምን አደረገ? እንጨቱ እርጥብ ነበር። ግልገል ዓባይና ጉማራ በክረምት አምጥተው የሚጥሉት ግንድ በሳምንት ፀሐይ ላዩ አመድ ይመስላል። ውስጡ ገና ውሃ ነው። እንጨት ሲደርቅ ደግሞ የሚከሳው በወርዱ ነው፤ ቁመቱ ብዙም አይነካም። ስለዚህ ቀዳዳ ውስጥ የገባው የእግር ጫፍ ይቀጥንና ቀዳዳው ይሰፋበታል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ሎጅ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ፔሊካን ሠራሁ። ቸኩዬ በሦስት ሳምንት አስረከብኩ። በሁለት ወሩ ተደወለልኝ። «ወፍህ እየሰገደልን ነው» አሉኝ። ሄጄ ሳየው እግሩ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። በዚያ ላይ ባለቤቱ ሱፐር ግሉ አፍስሶበታል። እሱን ስፍቅ ግማሽ ቀን ሄደ። እባካችሁ ሱፐር ግሉ አታፍስሱ!

እግሩን አውልቁ፤ የድሮውን ኮላ እንጨቱ እስኪታይ ፋቁ። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ይሰነጠቃል። ምጣድ አጠገብም አይሆንም። በየሳምንቱ መዝኑት። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ክንድ የሚያህል ከሆነ ወራት ይፈጃል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

እግሩ ከገላው የበለጠ የደረቀ ይሁን። ገላው በኋላ ሲከሳ እግሩን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። የሚያወላልቀው ተቃራኒው ነው። ኤፖክሲ (ሁለቱን ቀላቅለው የሚጠቀሙበት ጠንካራ ኮላ) ከሰጋቱራ ጋር ለውሳችሁ የእግሩ ቀዳዳ ውስጥ ሙሉበት፤ ነጩ ኮላ ክፍተት አይሞላም።

ብሎን ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱ። አሁን ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ብሎን ጭንቅላቱ ቅቤ ነው፤ ካቻቢቴ ገና ሲነካው ይላጫል።

ከሥሩ ዱቄት ይራገፋል

ነቀዝ ነው። በፌስታል ጠቅልላችሁ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት ክተቱት። ቫርኒሽ እንጨቱ ውስጥ ያለውን ነቀዝ አይገድልም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

ከጀሪካን የተሠራው ምንቃር ይወድቃል

ጀሪካን ላይ ኮላ አይዝም፤ ኤፖክሲም ቢሆን። በስታችሁ በሽቦ እሰሩት።

ይሸታል

ጭቃው አልወጣም። በብሩሽ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡት።

መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ፦ እንጨት ልትለቅሙ ብላችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። እኔ አንዴ ጥሩ ግንድ አገኘሁ ብዬ ስጠጋ ግንዱ ተነፈሰ።