የሜፕል ስኳር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን አሜሪካ፣ በኩቤክ፣ በቨርሞንትና በሚኒሶታ ጫካዎች የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ከሜፕል ዛፍ ጣፋጭ ውሃ ይንጠባጠባል። እንደ አኒሺናቤ ያሉ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ውሃው ፈልቶ ሲወፍር የሚገኘው ሽሮፕ ላይ አያቆሙትም ነበር፤ ስኳር እስኪሆን ያፈሉታል። ደረቅ ስኳር በበርች ዛፍ ልጣጭ በተሠራ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ይቆያላ! ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ ለቸኮለ ሰው ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው ስህተት ጊዜውን አለማወቅ ነው። ውሃው በደንብ የሚወርደው ሌሊቱ ከዜሮ በታች፣ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲሆን ነው። የዛፉ እምቡጥ ማበጥ ሲጀምር ያቁሙ። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ጣዕሙ ይበላሻል።

ሁለተኛው በዛፉ ላይ መጨከን ነው። ግንዱ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከሌለው አይንኩት። ድሮ በመጥረቢያ ይሰነጥቁት ነበር፤ ቁስሉ ትልቅ ስለሆነ ዛፉን ይጎዳዋል። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የገባ ቀዳዳ ይበቃል። ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ። በዓመቱ ከድሮው ቀዳዳ ራቅ ብለው ይብሱ።

የተጠራቀመውን ውሃ ማቆየትም አይገባም፤ እንደ ወተት ይበላሻል። ጥላ ውስጥ ያኑሩትና ቶሎ ያፍሉት። ሌሊት ላዩ ላይ የሠራውን በረዶ ግን አውጥተው ይጣሉ። ስኳሩ በአብዛኛው ከታች ካለው ፈሳሽ ጋር ይቀራል፤ ማገዶም ይተርፍልዎታል።

ቤት ውስጥ ማፍላት በፍጹም! ለ1 ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። የቀረው ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ግድግዳዎ ላይ ይወርዳል። ደጅ፣ ሰፋ ባለ ድስት ያፍሉ። አረፋው ሊገነፍል ሲል ቅቤ ጠብ ያድርጉበት።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው መጨረሻው ላይ ነው። ሽሮፕ የሚደርሰው ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥ ነው። ለስኳር ግን ወደ 25 ዲግሪ መብለጥ አለበት። በደፈናው 125 ብለው አይያዙ። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ነው። ስለዚህ በዕለቱ ውሃ አፍልተው ይለኩ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣሉ። ጠንከር ያለ ኳስ ከሆነ ደርሷል። በዚህ ሰዓት ስልክ አያንሱ፤ ለማረር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ካወረዱት በኋላ ወዲያው ማማሰል ይጀምሩ፣ አያቋርጡ። ነባሮቹ በእንጨት ገንዳ ውስጥ በእንጨት መቅዘፊያ ነበር የሚያማስሉት። መጀመሪያ ይወፍራል፤ ቀለሙ ይፈዛል። ከዚያ ድንገት እንፋሎት እየተፋ ይፈረካከሳል። ክንድ ዝሎ ካቆሙ ድንጋይ ሆኖ ከድስቱ ጋር ይቀራል። ስኳሩ ከወጣም በኋላ ሳይቀዘቅዝ አይክደኑት፤ እርጥበቱ መልሶ ያጓጉለዋል።