ባንኩ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ሲላችሁ፦ ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

«ባንኩ እህቴን ብሩ ከየት መጣ ብሎ አፋጠጣት» የሚል ስሞታ አሁን አሁን በየቡናው ላይ ይሰማል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሠራተኛዋ ካልጠየቀች ተጠያቂዋ እሷ ነች። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው የኢትዮጵያ ሕግ ባንኮች የተጠራጠሩትን ዝውውር የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ለጥርጣሬ ደግሞ የብሩ ማነስ ወይም መብዛት አይገድበውም። ሪፖርት ማድረጓን ለደንበኛው መንገርም ክልክል ነው። ስለዚህ «ለምን እንደዘገየ ንገሪኝ» ብላችሁ ብትጮሁባት የምትመልስላችሁ ነገር የላትም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ተቆጣጣሪ ግብረ ኃይል (FATF) ሕገ ወጥ ገንዘብን በመከላከል ረገድ ጉድለት አለባቸው ብሎ በቅርብ ከሚከታተላቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ገብታ ነበር፤ የወጣችው በ2019 ነው። ባንኮቹ ከዚያ ወዲህ ጠበቅ አድርገዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አድሶታል። ያኔ ብዙ ያነጋገረው በስውር የሚሠሩ መርማሪዎችን የሚመለከተው ክፍል ነበር። እኛን በየወሩ የሚነካን ግን ያው የጥንቱ የሪፖርት ግዴታ ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው በጥቁር ገበያ መላክ ላይ ነው። ዶላሩን ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ ሰው ትሰጣላችሁ፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ወንድማችሁ ሂሳብ ውስጥ ብር ይገባል። ማን አስገባው? ደረሰኙ ላይ ያለውን ስም እናንተም ወንድማችሁም አታውቁትም። የዚያ ሰው ሂሳብ አንድ ቀን መመርመር ሲጀምር ብር ያስገባላቸው ሰዎች ሁሉ አብረው ይወጣሉ፣ የወንድማችሁ ሂሳብ ሊታገድ ይችላል፣ «እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው» ቢል ደግሞ የሚያሳየው አንዲት ወረቀት የለውም። በአሜሪካም ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ የፌዴራል ወንጀል ነው። ለጥቂት ብር ብልጫ ወንድምን እዚህ ውስጥ መክተት ተገቢ አይመስለኝም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኩም ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም።

ሌላው ደግሞ «ከ10 ሺህ ዶላር በታች እየከፋፈልክ አስገባ» የሚለው ምክር ነው። እባካችሁ አትስሙት። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ወይም ስታወጡ ፎርም ይሞላል፣ በቃ። ገንዘቡ የላባችሁ ከሆነ ፎርሙ አይጎዳችሁም። ፎርሙን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

የእድርና የእቁብ ሰብሳቢዎች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። የሐዘን መዋጮ በአንድ ሰው የግል ሂሳብ ይሰበሰባል። በሁለት ቀን ውስጥ ከሰማንያ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ድምሩ በአንዴ ወደ ኢትዮጵያ ይላካል። ባንኩ የሟችን ስም አያውቅም፣ የሚያየው ከብዙ ሰው ገብቶ ወዲያው ወደ ውጭ የወጣ ገንዘብ ነው። ማኅበሩን አስመዝግቡና በስሙ ሂሳብ ክፈቱ። ያ እስኪሆን ድረስ የአዋጪዎች ዝርዝርና የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ ይኑራችሁ። የገንዘቡን ምክንያት ስትጽፉም «ስጦታ» ብላችሁ አትለፉት፤ «ለቀብር ማስፈጸሚያ» ከሆነ እሱኑ ጻፉ።

ቤት የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡ በስማችሁ ወደ ተከፈተ የዳያስፖራ ሂሳብ ገብቶ ለሻጩ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይከፈል። በአጎትና በአክስት ልጅ ሂሳብ ዞሮ ከተከፈለ በኋላ የገንዘቡን ምንጭ ማስረዳት መከራ ነው። የምትወክሉት ሰው ሂሳባችሁን እንዲያንቀሳቅስም ውክልናው ላይ የባንክ ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ።

ሂሳብ ከታገደ ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የላካችሁበትን ደረሰኝና የደመወዝ ማስረጃ አያይዙ፣ ጠበቃ ያዙ። «ሰው አለኝ» የሚል ደላላ አትከተሉ።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት አትርሱ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሂሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፊርማችሁ ያለበት የእናታችሁ ሂሳብም ይቆጠራል። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ሰው ሳይጠይቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘምለታል።