ቫይታሚን ዲ ለአውቶኢሚዩን ሕመም፦ ከመዋጣችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

ታላቅ እህቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ስለሚደርቁ የሻይ ብርጭቆ እንኳን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። አንድ ቀን ከአሜሪካ የመጣች ዘመዳችን ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ዲ አወጣችና «እዚያ ሁሉም ሰው የሚወስደው ይኼንን ነው፣ መገጣጠሚያ ያድናል» አለች። እህቴ ምን ትጠብቃለች፣ በየጠዋቱ አንድ አንድ ማድረግ ጀመረች። ወራት ካለፉ በኋላ ነው እኔ ብልቃጡን አንስቼ ጽሑፉን ያየሁት። 50,000 ዩኒት ይላል። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። ሆድ ድርቀቱን፣ የውኃ ጥሙን፣ ሌሊት ለሽንት መመላለሱን ሁሉ ለሩማቶይዱ የምትወስደውን መድኃኒት እያሰብን «የሜቶትሬክሴቱ ነው» እያልን አልፈነው ነበር። ስትመረመር በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ቫይታሚን ዲ ሲበዛ የሚያመጣው ይኼንን ነው። ደግነቱ ኩላሊቷ አልተጎዳም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ስለ ቫይታሚን ዲ የሚጠይቀው እኔን ሆነ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ወረፋ ጠብቄያለሁ፣ ብዙም ጠይቄያለሁ።

መጀመሪያ ተስፋውን ልክ እናስይዘው። አውቶኢሚዩን የሚባለው የሰውነት መከላከያ ወራሪ ትቶ የገዛ ቤቱን ሲያጠቃ ነው፤ ሩማቶይድ፣ ሉፐስ፣ ሶሪያሲስ፣ ዓይነት 1 ስኳር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቫይታሚን ዲ የመከላከያ ሴሎችን ሥራ ስለሚነካ ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 የታተመው ቫይታል የተባለ የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን 5 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱት ላይ አዲስ አውቶኢሚዩን በሽታ በ22 በመቶ አንሶ አገኘ። በመቶኛ ሲነገር ይገዝፋል። በሰው ሲቆጠር ቫይታሚኑን ከወሰዱት 123 ታመሙ፣ ካልወሰዱት 155፤ ያውም ከየወገኑ 13 ሺህ ገደማ ሰው መካከል። ደግሞ ጥናቱ የጠየቀው በሽታው እንዳይመጣ ይረዳል ወይ ብሎ ነው። የመጣውን ያድናል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ እስካሁን የወጡት ጥናቶች አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል። ስለዚህ ጎድሏችሁ ከሆነ ሙሉት፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴቱን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን ወይም ኢንሱሊኑን ግን በእሱ አትተኩ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ አጥንት ስለሚያሳሳ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ለሐኪማችሁ ራሳችሁ አንሱለት፣ በቀጠሮ ግርግር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። ምርመራው «25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ» ይባላል። 1,25 የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፣ ጉድለት ለማወቅ የሚታዘዘው እሱ አይደለም። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ላብራቶሪ ደውላችሁ ጠይቁ። ደም መስጠታችሁ ካልቀረ ካልሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒንም አብሮ ይታይ። ወረቀቱ ሲመጣ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ እዩ፤ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል፣ ናኖሞል በሊትር ሊሆንም ይችላል። በናኖግራም 20 የሆነው በናኖሞል 50 ነው፣ በ2.5 ማባዛት ነው። ያንድ ላብራቶሪ 30 የሌላው 75 ሆኖ «ተሻለኝ» ብሎ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ። ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ አብዛኛው ሐኪም ጉድለት ይለዋል።

መጠኑን ሐኪም ይዘዝ፣ እናንተ ግን የተለመደውን እወቁ። ለአዋቂ የቀን ፍላጎቱ 600 ዩኒት ነው፣ ከ70 ዓመት በላይ 800። ያለ ሐኪም ክትትል ከ4,000 ማለፍ የለበትም። ጉድለት ሲኖር ብዙ ጊዜ 50,000 በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት ይሰጥና ወደ ትንሹ የቀን መጠን ይወረዳል። አንዳንድ ብልቃጥ በማይክሮግራም ይጽፋል፤ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው፣ 25 ሲል 1,000 ማለት ነው። «ባንዴ ወስጄ ልገላገል» ለምትሉ ደግሞ፦ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ላይ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የዋጡ አሮጊቶች ካልወሰዱት ይልቅ አብዝተው ወድቀዋል፣ አጥንታቸውም አብዝቶ ተሰብሯል። በቴሌግራም የሚዞር፣ በቀን በአሥር ሺዎች የሚያስውጥ ከብራዚል የመጣ ዘዴም አለ። እዚያ ያሉት ሰዎች ወተትና አይብ እየከለከሉ፣ ደምና ሽንት እየመረመሩ ነው የሚሰጡት። እኛ ጋ የደረሰው ቁጥሩ ብቻ ነው።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ቫይታሚን ዲ በቅባት ስለሚሟሟ ጠዋት በባዶ ሆድ በቡና ከማወራረድ ምሳ ላይ ዘይት ካለበት ወጥ ጋር ይሻላል። የጾም ነገር ሁሌ ይነሳል። የለስላሳዋ ካፕሱል ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ ጀላቲን ነው፣ ዲ3 የሚባለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ራሱም በአብዛኛው ከበግ ሱፍ ቅባት ነው የሚወጣው። ይኼ የሚከብዳችሁ፣ ወይም ሐላል መሆኑን ማረጋገጥ የምትፈልጉ፣ ፋርማሲስቱን ከእንስሳ የማይወጣው ዓይነት፣ ዲ2፣ በክኒን አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እህቴ የንስሐ አባቷን ጠይቃ «መድኃኒት ነው፣ ዋጪ» ተብላለች።

የ13 ወር ፀሐይ አገር ሰው እንዴት ይጎድለዋል ትሉ ይሆናል። ካዛንቺስ ባለ መስታወት ሕንፃ ውስጥ ውለን፣ በታክሲ ገብተን፣ ስንወጣም ጥላ ዘርግተን! ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። የጠዋቱ 1 ሰዓት ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ ለዚህ ደካማ ነች፤ የምትሠራው ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ክንዳችሁን ገልጣችሁ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ውረዱ። ሉፐስ ያለባችሁ ግን ይኼን ምክር አትስሙ፣ ፀሐይ ሕመሙን ታስነሳዋለች፤ ለእናንተ ክኒኑ ይበጃል።

ቲቢ ወይም ሳርኮይዶሲስ (ብዙ ጊዜ ሳንባን የሚነካ ሕመም) ያለበት፣ የኩላሊት ጠጠር የወጣለት፣ ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ሳያማክር አይጀምር፣ በደሙ ያለው ካልሲየም በቀላሉ ከፍ ይላል። ከጀመራችሁም በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ሆድ ድርቀት፣ የማይቆርጥ ጥም፣ ሽንት ማብዛት ወይም መደናገር ከመጣ አቁሙና ካልሲየም ተመርመሩ።

ሜቶትሬክሴትም የሳምንት መድኃኒት ነው፣ በስህተት በየቀኑ ሲወሰድ ሰው ይገድላል። ሁለቱ እንዳይምታቱ እኛ ቤት ሜቶትሬክሴት ረቡዕ ነው፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ካላንደር ላይ በቀይ ይከበባል። ቫይታሚን ዲው አሁን 1,000 ዩኒት በየቀኑ ሆኗል፣ ከምሳ ጋር። በ3 ወር ምርመራው ይደገማል። ለቀጠሮ ስትሄዱ ብልቃጡን ራሱን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ «ቢጫዋን ክኒን ነው የምወስደው» ብትሉት ሐኪሙ አያውቃትም።