ከባድ ሱዶኩ በላጲስ ነው የሚፈታው

ዋሽንግተን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የማታ ፈረቃ። ከራት በኋላ የሚገባና የሚወጣ መኪና ይቀንሳል። ደንበኞች ጥለውት የሚሄዱት ጋዜጣ ግን አይቀንስም። ሱዶኩ የጀመርኩት እንቅልፍ ለማባረር ነበር። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፣ ጥቂቱ ተሞልቶ ይሰጣል። ባዶውን ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ትሞላላችሁ፤ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ ወይም በአንድ ሦስት በሦስት ሳጥን ውስጥ ግን አንድ ቁጥር ሁለቴ አይገባም። ቀላሉን ቶሎ ለመድኩት፣ መካከለኛውም ብዙ አላስቸገረኝም። «ከባድ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። ጥቂት ቁጥር እሞላለሁ፣ ከዚያ አፍጥጬ አያለሁ፣ ከዚያ እገምታለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ረድፍ ውስጥ ሁለት 6 ይገኛል። ጋዜጣው ተጨማድዶ ቅርጫት ይገባል።

ጥፋቴ ምን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁልጊዜ «እዚህ ምን ይገባል?» እያልኩ ነበር የምፈልገው። ከባዱ በዚህ ጥያቄ አይከፈትም። «እዚህ ምን መግባት አይችልም?» ብላችሁ ስትጠይቁት ነው እጁን የሚሰጠው። ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ቁጥር ማጥፋት ነው ሥራው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። አንዷን ባዶ ቦታ ቤት እላታለሁ። ሦስት በሦስት የሆነውን ሳጥን ሰፈር። አግድሙ ረድፍ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል። ቁልቁሉ ዓምድ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራል። በየቤቱ ሊገቡ የሚችሉት ቁጥሮች እጩዎች ናቸው። አንድ ረድፍ፣ አንድ ዓምድ ወይም አንድ ሰፈር የሚጋሩ ቤቶች ደግሞ «ይተያያሉ» እላለሁ።

ቀላሉን መንገድ ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ በቀሩት ቤቶች ውስጥ እጩዎቹን በሙሉ በትንንሽ ጽሕፈት ጻፉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አንዷን እጩ ከረሳችሁ ግን ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ገደል ይገባል።

ሁለት ነገር በፍጥነት ልጥቀስ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ 4 የሚገባባቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ረድፍ ላይ ከሆኑ፣ ከሰፈሩ ውጭ ባለው የረድፉ ክፍል 4ን አጥፉ። ሁለተኛው የተደበቁ ጥንዶች ናቸው። አንድ ሰፈር ውስጥ 2 እና 9 የሚገቡት ሁለት ቤት ላይ ብቻ ነው እንበል። አንደኛው ቤት 2፣ 5፣ 6፣ 9 ይላል፤ ሌላው 1፣ 2፣ 9። 2 እና 9 ሌላ መጠጊያ ስለሌላቸው ሁለቱን ቤት ይካፈሉታል። 5፣ 6 እና 1 ያለ ኪራይ የተቀመጡ ናቸው፣ ይውጡ።

አሁን ወደምወደው እንምጣ። ኤክስ ዊንግ ይሉታል። አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ፣ ለምሳሌ 7። 2ኛው ረድፍ ላይ 7 የሚገባባቸው ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ 4ኛው ዓምድ ላይና 8ኛው ዓምድ ላይ። 6ኛው ረድፍ ላይም እንዲሁ ሁለት ብቻ፣ እነዚያው 4ኛና 8ኛ ዓምዶች ላይ። አራቱ ቤቶች አራት ማዕዘን ሠሩ። በ2ኛው ረድፍ 7 በ4ኛው ዓምድ ከገባ፣ የ6ኛው ረድፍ 7 ወደ 8ኛው ዓምድ ይሄዳል። በተቃራኒው ከሆነም ይገለበጣል። የትኛው እንደሆነ አላወቅንም፣ ማወቅም የለብንም። በሁለቱም መንገድ 4ኛው ዓምድ የራሱን 7 አገኘ፣ 8ኛውም የራሱን። ስለዚህ በሁለቱ ዓምዶች ውስጥ ከአራቱ ቤቶች ሌላ ያለው 7 ሁሉ ይጠፋል።

«ሁለት ብቻ» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። ረድፉ ላይ ሦስተኛ 7 ካለ ነገሩ ተበላሸ። እኔ ስንት ጊዜ ሦስተኛዋን ሳላያት አልፌ ጉድ ሆኛለሁ! ይኸው ሐሳብ በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድም ይሠራል። ስዎርድፊሽ ይባላል። በጋዜጣ ላይ ብዙ አይገጥማችሁም፣ ሲገጥምም ማየቱ ዓይን ያደክማል።

ኤክስ ዋይ ዊንግ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሁለት እጩ ብቻ ያላቸውን ቤቶች ፈልጉ። 1ኛ ረድፍ 1ኛ ዓምድ ላይ 3 እና 8 አሉ፤ ይህ መሐለኛው ነው። በዚያው ረድፍ 7ኛው ዓምድ ላይ 3 እና 5 አሉ። መሐለኛው ባለበት ሰፈር ውስጥ፣ 3ኛ ረድፍ 2ኛ ዓምድ ላይ ደግሞ 8 እና 5። መሐለኛው 3 ከሆነ 7ኛው ዓምድ ላይ ያለው ቤት 5 ይሆናል። መሐለኛው 8 ከሆነ ደግሞ 3ኛው ረድፍ ላይ ያለው ቤት 5 ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቤቶች ክንፎች እላቸዋለሁ፤ ቢያንስ አንዱ 5 መሆኑ አይቀርም። እንግዲህ ሁለቱንም ክንፎች የሚያይ ቤት 5 ሊሆን አይችልም። እዚህ ምሳሌ ላይ በ1ኛው ረድፍ 2ኛና 3ኛ ዓምድ፣ በ3ኛው ረድፍ ደግሞ 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ዓምድ ላይ ያሉት ቤቶች ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጥፍቶ ሦስቱን ይረሳቸዋል። መውጫው እነሱ ጋ የሚሆንበት ጊዜ ሞልቷል።

የመጨረሻው ትንሽ ያከራክራል። አራት ማዕዘን የሚሠሩ አራት ቤቶች አሉ፤ 4ኛና 8ኛ ረድፍ፣ 1ኛና 2ኛ ዓምድ። ሦስቱ 4 እና 9 ብቻ ይዘዋል። አራተኛው 4፣ 9 እና 6። አራተኛውም 4 ወይም 9 ቢሆን ኖሮ፣ 4ን እና 9ን ብናለዋውጣቸው ሌላ ትክክለኛ መልስ በወጣ ነበር። ደንበኛ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አራተኛው ቤት 6 ነው። «ይሄ ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ አንድ መልስ መኖሩም እንደ ተሰጠን ቁጥር ነው።

ግን አራቱ ቤቶች ሁለት ሰፈር ውስጥ ብቻ መሆን አለባቸው። አንድ እሑድ ማታ ይህን ሳላጣራ ሞላሁና ሁሉም ተመሰቃቀለ። ፈረቃ የሚቀበሉኝ ጋሼ አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ከትከሻዬ በላይ አዩና «ልጄ፣ አራት ሰፈር ነው የረገጥሽው» አሉኝ። አራት ሰፈር ውስጥ ከሆነ ቁጥሮቹን ስትለዋውጡ የየሰፈሩ ሒሳብ ይፈርሳል። ሁለተኛ መልስ አይወጣም፣ መከራከሪያችንም አብሮ ይወድቃል።

የተሰጠው ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ከባድ ነው ብላችሁ አትሽሹ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የደብሊን ቡድን በኮምፒውተር አስልቶ፣ አንድ መልስ ብቻ ላለው ሱዶኩ ከ17 ቁጥር በታች እንደማይበቃ አሳይቷል። ከባለ 17ቱ ውስጥ ግን ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ አለ። በዚያው ዓመት ፊንላንዳዊው አርቶ ኢንካላ ያወጣው፣ ከዓለም ከባዱ ተብሎ የተወራለት፣ 21 ቁጥር አለው። ለመለማመድ እሱን አትንኩት። ኤክስ ዊንግ በቂ የሆነለትን ፈልጉ።

ስሙ ላይ ትንሽ ልሳቅ። ሱዶኩ የጃፓንኛ አሕጽሮት ነው፤ ሙሉው «ቁጥሮቹ ላጤ መሆን አለባቸው» እንደማለት ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት ግን ሃዋርድ ጋርንስ የተባሉ የኢንዲያና አርክቴክት ናቸው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ላጤነትን ወደ ጨዋታ የለወጡት ጃፓኖች ናቸው በይኛ» ብለው ሳቁ።

ስትያዙ እንዲህ አድርጉ። ከ1 እስከ 9 አንድ በአንድ ሂዱ፣ በየተራው አንድ ቁጥር ብቻ እያያችሁ፤ ሌላው እንደሌለ ቁጠሩት። ኤክስ ዊንግ የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ ሁለት እጩ ያላቸውን ቤቶች በክብ አጥሩ፤ ክንፎቹ የሚታዩት ያኔ ነው። አንድ እጩ ባጠፋችሁ ቁጥር ወደ ቀላሉ ተመለሱ። አንዳንዴ በአንዷ ሰበብ ግማሹ ይዘረገፋል።

ስህተት ስታገኙ ወደ ኋላ አትቆፍሩ፣ ጊዜ ነው የሚበላው። እኔ ሳልጀምር በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ከተበላሸ ከዚያ ገልብጬ እንደገና እጀምራለሁ። እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፣ ላጲሱ ንጹሕ። ጋሼ በእስክሪብቶ ነው የሚሞሉት። እሳቸውን አትከተሉ።