ልጅ ይዘሽ ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ነው? ቀለቡንና ወጪ መጋራቱን እንዲህ ያዢው

ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም የሚደውሉልኝ እህቶች አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ከልጄ አባት ቀለብ እንደምቀበል ከታወቀ ዩኒቨርሲቲው ምግቡንና ዶርሙን ይከለክለኝ ይሆን?» አይከለክልሽም። ይህን ፈርተው ሳይከሱ ሁለት ሦስት ዓመት የቆዩ እናቶች አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ ልጁ ያጣውን ወተት ማን ይመልስለታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የምትፈርሚው የወጪ መጋራት ውል አለ። በደንቡ መሠረት የምግብና የዶርም ወጪሽ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስምሽ ይመዘገብና ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከገቢሽ እየተቆረጠ ይከፈላል። ውሉ የማን ልጅ ነሽ፣ ቤተሰብሽ ስንት ያገኛል ብሎ አያበላልጥም። ባሕር ዳርም ግቢ፣ ደብረ ማርቆስም ግቢ፣ የገበሬ ልጅም የነጋዴ ልጅም ያንኑ ነው የምትፈርመው። ቀለብ ስለመጣ የሚቀነስብሽ ነገር የለም፣ ስለቀረም የሚጨመርልሽ የለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አባትየው ችሎት ቀርቦ «እሷን መንግሥት እያበላ እያስተማራት ነው፤ ምን ጎደላት?» ይላል። ይህን እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ያኔ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። አንቺ ዝም አትበይ። ዩኒቨርሲቲው ካፌ የምትበዪው አንቺ ነሽ እንጂ ልጁ አይደለም። የምትበዪውም በዕዳ ነው፣ ነገ ከደሞዝሽ ይቆረጣል። ቀለብ የልጁ መብት ነው፣ ላንቺ የሚሰጥ ችሮታ አይደለም።

በክልላችን በአማራ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ቀለብ ሲባል እህል ብቻ እንዳይመስልሽ፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ትምህርትም አለበት። መጠኑ የሚወሰነው ሁለት ነገር ታይቶ ነው፦ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም። ስለዚህ ሥራሽ ሁለቱን በማስረጃ ማሳየት ነው።

የልጁን ፍላጎት ለማሳየት ደብተር ያዢ። ወተት፣ ምጥን፣ ሳሙና፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የሞግዚት ወይም ልጁን ለምትይዝልሽ እናትሽ የምትልኪው፣ ሁሉንም በቀኑ ጻፊ፣ ደረሰኝም ካለ አያይዢ። ዶርም ውስጥ ልጅ ይዞ መኖር ስለማይቻል ከግቢ ውጭ ቤት ከተከራየሽ የኪራይ ውሉን አትርሺ። ውጭ የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ነን ካፌ (ግቢው ካፌ የማትመገብ ተማሪ) ሆነሽ የምግቡን ገንዘብ በእጅሽ መውሰድ ትችያለሽ። ያ ገንዘብ ግን ያንድ ተማሪ ምግብ ነው፣ ለሁለት አይበቃም፤ ይህንንም ለዳኛው ንገሪው።

የአባትየውን አቅም ማሳየት ከበድ ይላል። ደሞዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱን ከነአድራሻው ጥቀሺና ፍርድ ቤቱ ደሞዙን እንዲጠይቅልሽ አመልክቺ፤ ከተፈረደልሽ በኋላም ከደሞዙ እየተቆረጠ እንዲገባ ማስደረግ ይቻላል። ገበሬ ከሆነ «ደሞዝ የለኝም» ማለቱ አይቀርም፣ ግን መሬት አለው፣ ጤፍና በቆሎ ያስገባል፣ ከብት አለው። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ማስረጃና የሚያውቁትን ጎረቤቶች ምስክርነት ጠይቂ። እሱም ተማሪ ሆኖ ምንም ከሌለውስ? ሕጉ ቀለብ የመስጠት ግዴታን በወላጅ ላይ ብቻ አያቆመውም፣ አያቶችም አሉበት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አንቺ ባሕር ዳር፣ እሱ ደጀን ከሆነ መመላለስ ሊኖር ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮሽን ከፈተና ጋር እንዳይጋጭ ቀድመሽ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት አሳውቂ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ ከቀበሌ ማስረጃ አምጥተሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ። ክሱን የሚጽፍልሽ ካጣሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ያሳይሻል። ከሁሉ በፊት ግን የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ይኑርሽ። አባትየው ልጁን ከካደ መጀመሪያ አባትነቱን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የላከልሽን መልእክት፣ ለልጁ የሰጠውን ገንዘብ ማስረጃ፣ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያውቁ ሰዎችን ሰብስቢ።

ሽማግሌ ገብቶ ቢያስማማችሁ ጥሩ ነው፣ እኛ አገር አብዛኛው ጉዳይ እንዲያ ነው የሚያልቀው። ግን በቃል አይሁን። ስንት ብር፣ በየስንት ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ የሚል ጽሑፍ ይኑርና ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። ገንዘቡንም እጅ በእጅ አትቀበዪ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ይምጣ፣ ኋላ «ከፍዬአለሁ»፣ «አልከፈልክም» የሚባል ነገር እንዳይመጣ።

አንድ ነገር አደራ። ውዝፍ አታጠራቅሚ። መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካልታየ ቀሪ ይሆናል። «ሴሚስተሩ ይለቅና እጠይቃለሁ» ብላ አራት ወር ያሳለፈች ጓደኛዬ ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው። ኑሮ ሲወደድ ወይም የእሱ ገቢ ሲጨምር ደግሞ መጠኑ እንዲሻሻል በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ትችያለሽ። እሱም ገቢው ከቀነሰ ማመልከት ይችላል።

ቀለቡ ሊታይ የሚችልበት አንድ ቦታ የዩኒቨርሲቲው ጀንደር ቢሮ ነው። ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ካለ ችግርሽን አይተው ነው የሚመርጡት። እዚያ ምንም አትደብቂ። የተፈረደልሽ ስንት እንደሆነና በትክክል እጅሽ የገባው ስንት እንደሆነ ለይተሽ አሳዪ፤ ፍርዱ ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ የባንክ ወረቀትሽ ይናገራል።

እርግዝናው ወይም የልጁ ሕመም ትምህርት የሚያስቋርጥሽ ከሆነ ደግሞ ዝም ብለሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ፣ አስፈርመሽ፣ ኮፒውን ይዘሽ ውጪ። ስትመለሺ ሪአድሚሽን (እንደገና መግቢያ) የምትጠይቂው በዚያች ወረቀት ነው።