የተዘጋ ኤርፖርት ይከፈትልን ብላችሁ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት

«ከተማችን ኤርፖርት ይገባታል» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። እንዲህ የማይል ከተማ የለማ! እኔ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው፣ የኛው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ደግሞ ክፍት ነው። ግን የሚሠራ ኤርፖርት ምን ይዞ እንደሚሠራ ማየት የተዘጋውን ለማስከፈት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ አጣሩ። መቀሌ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ታኅሣሥ 2015 ላይ በረራ ጀመረ። አክሱም ግን ጉዳት ደርሶበት ስለነበር እስከ ሰኔ 2016 ጠበቀ። እዚያ የጎደለው ሰላምና ጥገና እንጂ ተሳፋሪ አልነበረም። አያዋጣም ተብሎ የተዘጋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው ዶንካስተር ሼፊልድ 2,893 ሜትር መንደርደሪያ ነበረው፤ ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከመዝጋት አልተመለሰም። የከተማው ምክር ቤት እንደገና ለማስከፈት ብሎ በ2024 ቦታውን ለ125 ዓመት ተከራየው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ባዶ ሲሆን ኪሳራውን ማን ይሸፍናል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ መንገደኛ ቁጠሩ። የሕዝብ ብዛት አትጻፉ፣ ሕዝብ ሁሉ አይበርም። ድሬ የምትበረው ለብቻዋ አይደለም፤ የሐረር ሰውም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መምህርም ደንገጎን ወርዶ እዚሁ ነው የሚሳፈረው። እናንተም በመኪና ሁለት ሰዓት ውስጥ ማን እንዳለ እዩ፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪፈር የሚጽፍ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ፕሮጀክት ያለው መሥሪያ ቤት። የበዓል ሰሞን ቁጥር ግን አያታልላችሁ። በቁልቢ ገብርኤል ጊዜ ወደ ድሬ ትኬት ማግኘት ፈተና ነው፤ ያንን ይዛችሁ ብትቀርቡ «እሺ፣ የካቲት ላይ ማክሰኞ ቀን ማን ይሳፈራል?» ትባላላችሁ። ልክም ናቸው። ለአገር ውስጥ በረራ የሚመጣላችሁ ዳሽ 8 ኪው 400 ከ70 በላይ ወንበር አለው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢመጣና ሰባ በመቶው ቢሞላ፣ በየሳምንቱ 150 ያህል ሰው ከእናንተ ከተማ ተነስቶ መብረር አለበት ማለት ነው፣ ክረምት ከበጋ። አሥር ሺህ ፊርማ ከማሰባሰብ፣ ሃያ ድርጅት በወር ስንት ትኬት እንደሚገዛ በማኅተም ቢያረጋግጥላችሁ ይሻላል።

ካርጎም አስቡ፣ ግን የሚበረውን። የአወዳይ ጫት የሚቸኩለው ካደረ ስለሚጠወልግ ነው። ሲሚንቶ ምን አስቸኮለው? ባቡር አለለት። በአንድ ቀን የሚበላሽ ምርት ከሌላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት፣ ማጋነን ያስገምታል።

መንደርደሪያው ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዳኮታ የሚባለው የዱሮ አውሮፕላን ሣር ላይም ያርፍ ነበር። ቦታው ከፍ ያለና ሞቃት ከሆነ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል ወይም ሰውና ጭነት ቀንሶ ይነሳል። እኛም ከ1,100 ሜትር በላይ ሆነን፣ የግንቦት ሙቀት ተጨምሮበት፣ ነገሩን እናውቀዋለን። የእሳት አደጋ መኪናና ሠራተኛ የሚመደበውም በአውሮፕላኑ ርዝመትና ስፋት ነው፤ ከኪው 400 ወደ ቦይንግ 737-800 ብትሄዱ ደረጃው ከ6 ወደ 7 ያድጋል፣ ወጪውም አብሮ። በትንሹ ጀምሩ።

ያለማንም ፈቃድ ዛሬውኑ የምትሠሩት መሬቱን መጠበቅ ነው። አጥሩ ከፈረሰ፣ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ፎቅ ወይም አንቴና ከቆመ፣ ደብዳቤው ቢያምርም ዋጋ የለውም። ከንቲባውን ወይም የዞኑን አስተዳዳሪ በዚህ ያዙት። ቦታው ለሌላ አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚገልጽ ውሳኔ በጽሑፍ አስወጡ።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ኤርፖርቶች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ስለሆኑ አድራሻው እዚያ ነው፣ ግልባጩ ደግሞ የደኅንነት ፈቃድ ለሚሰጠው ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን። የመንገደኛው ሠንጠረዥ፣ የድርጅቶቹ ደብዳቤና የመሬቱ ውሳኔ በአባሪ ይያያዙ። የከተማዋን ታሪክ ተዉት፣ ያውቁታል።