የፋውንቴን ፔን አካል (የኢንኩ ሳይሆን የብዕሩ) ትክክለኛ ቀለም ሳይገዙ በፊት እንዴት ይታወቃል?

ፋውንቴን ፔን በፎቶ ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስክሪን ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ብዕር ሳጥኑ ሲከፈት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጥቁር ቀይ የተባለው ደግሞ ጭራሽ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። መብራቱ፣ ካሜራው፣ ፎቶውን ያስተካከለው ሰውና የእናንተ ስልክ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበታል። ያም ሆኖ ትክክለኛውን ቀለም ከመክፈላችሁ በፊት በደንብ መገመት ይቻላል።

ከስልካችሁ ጀምሩ። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚለውጠውን ሴቲንግ አጥፉ። አይፎን ላይ ናይት ሺፍት ይባላል። ትሩ ቶንንም አጥፉት፤ እሱ እንደ ክፍሉ ብርሃን ስክሪኑን ይቀያይራል። ሳምሰንግ ከያዛችሁ የስክሪን ሁነታውን ከቪቪድ ወደ ናቹራል መልሱት። ቪቪድ ሁሉን ነገር ያደምቃል፣ ለብዕር ምርጫ አይሆንም።

ከዚያ የሻጩን ፎቶ ፈትሹ። አንድ ሞዴል በብዙ ቀለም ቀርቦ፣ ሁሉም በአንድ ማዕዘን ተቀምጦ፣ ነጸብራቁም አንድ ቦታ ላይ ካረፈ፣ የምታዩት አንድ ምስል ነው። ቀለሙ ብቻ በኮምፒውተር ተቀይሯል። እንዲህ ያለው ምስል ስለ ቅርጹ ይነግራችኋል። ስለ ቀለሙ ግን አትመኑት።

ቀጥሎ ብዕሩን የገዙ ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ሰብስቡ። ሦስት አራት ይበቃል፣ ግን በተለያየ ብርሃን የተነሱ ይሁኑ። ስቱዲዮ ውስጥ ከተነሳ የሚያምር ፎቶ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ እንደነገሩ የተነሳው ይጠቅማል። ቪዲዮ ከተገኘማ በጣም ጥሩ።

ዋናው ሥራ አሁን ነው፣ ረጋ በሉ። በፎቶው ውስጥ ቀለሙን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ወረቀት ይሆናል። ነጩ ወረቀት ቢጫ መስሎ ከታየ፣ ፎቶው በሙሉ ወደ ቢጫ ሄዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዕሩ በእውነታው ከምታዩት ይልቅ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወረቀቱ ሰማያዊ ጥላ ካለው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል ብርሃኑ 2,700 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ደመና የሸፈነው ቀን ብርሃን ደግሞ 6,500 አካባቢ ይደርሳል። የመጀመሪያው ቢጫ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ ቢጤ ነው። ዓይናችን ይህን ልዩነት ራሱ ያስተካክለዋል። ካሜራ ግን ይገምታል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል።

ፎቶውን ሴቭ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ኤዲት የሚለውን ክፈቱ። የቀለሙን ሙቀት (ቢጫነቱንና ሰማያዊነቱን) የሚቀይረውን መስመር ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ግፉት። ወረቀቱ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ከመሰለ ቲንት የሚለውን ንኩ። ብዕሩን አትዩት፤ ወረቀቱን ብቻ እያያችሁ ሥሩ። ብዕሩን እያያችሁ ካስተካከላችሁ ሳይታወቃችሁ ወደምትመኙት ቀለም ትወስዱታላችሁ። ወረቀቱ ሲነጣ ነው ወደ ብዕሩ የምትመለሱት። ይህንኑ በሁለት ሦስት ፎቶ ላይ ድገሙት። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ቀለሙን አግኝታችኋል። ካልተቀራረቡ ምናልባት አንዱ ፎቶ በመስኮትና በአምፖል ብርሃን አንድ ላይ የተነሳ ነው። እሱን ተዉት፣ አይስተካከልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ፋውንቴን ፔን የሚወዱ ሰዎች የሚጽፉበት ወረቀት ሁሉ ነጭ አይደለም። ቶሞኤ ሪቨር የተባለው ወረቀት ለምሳሌ በነጭም በክሬምም ይመጣል። ክሬሙን ነጭ ነው ብላችሁ ካስተካከላችሁ፣ ብዕሩን ያለአግባብ ሰማያዊ ታደርጉታላችሁ። የክዳኑ ማንጠልጠያም ጥሩ ምስክር አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ብረት በአካባቢው ያለውን ሁሉ ያንጸባርቃል። ከሁሉ የሚሻለው እናንተ ጋር ያለ ብዕር ፎቶው ውስጥ አብሮ ከተነሳ ነው። ያንን ብዕር በእጃችሁ ይዛችሁ ታነጻጽራላችሁ።

አንዳንድ ቀለም ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥርጣሬ ይቀራል። በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያሉት ዋነኞቹ ናቸው። አብዛኛው የኢንተርኔት ፎቶ የሚቀመጠው ኤስአርጂቢ በተባለው የቀለም ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚያን ጊዜ ሞኒተሮች የተዘጋጀ ስለሆነ በጣም ደማቅ ቱርኳዝ ሙሉ በሙሉ አይገባበትም። ወይን ጠጅ ቀለምን ደግሞ ብዙ ካሜራዎች ወደ ሰማያዊ ይገፉታል። ላሚ ሳፋሪ ከተባለው ብዕር እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ዳርክ ላይላክ (ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ) ወይም የ2017ቱን ፔትሮል (ጠቆር ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ) የምትፈልጉ ከሆነ በአንድ ፎቶ በጭራሽ አትወስኑ።

ጥልቅ ቀለም ያላቸው፣ ትንሽ ብርሃን የሚያሳልፉ ሬዚኖችም (ብዕር የሚሠራባቸው ፕላስቲክ መሰል ቁሶች) እንዲሁ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ኃይለኛ መብራት ስለሚበራባቸው ውስጣቸው ይታያል። ቤት ውስጥ ግን ጥቁር ይመስላሉ። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን ብዕር መግዛት ያለበት በጥቁርነቱም የሚወደው ሰው ብቻ ነው። ውስጡ የሚታየው ብዕር ደግሞ በሞላችሁት ኢንክ መልኩ ይለወጣል፤ ባዶውን አይታችሁ አትምረጡ።

አሮጌ ብዕር ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ጥቁር ኢቦናይት (ብዙ የድሮ ብዕሮች የተሠሩበት ጠንካራ ጎማ) በብርሃንና በእርጥበት ብዛት ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ይህም ደብዘዝ ባለ ብርሃን በተነሳ ፎቶ አይታይም። ስለዚህ ሻጩን ጠይቁት፦ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ የፕሪንተር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ምንም ሳያስተካክል ያንሳላችሁ። ሬዚኑ የተዥጎረጎረ ከሆነም የሚላክላችሁን ራሱን ብዕር እንዲያነሳ ንገሩት፤ የሁለት ብዕሮች መልክ አንድ አይሆንም። ጥሩ ሻጭ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም።

ብዕሩ ሲደርሳችሁ ኢንክ ከመሙላታችሁ በፊት ቀን መስኮት አጠገብ፣ ማታ ደግሞ በምትጽፉበት መብራት እዩት። ኢንክ የገባበትን ብዕር ብዙ ሻጮች መልሰው አይቀበሉም።